ሳሙና ሳሙና ያለው ሽሮ

ሽሮ ምን ቢነካው ነው ሳሙና ሳሙና የሚለው?

እማማ ብርቅዬ ድስቱን ከምድጃው አወረዱና አንዴ በማንኪያ፣ አንዴ በጣታቸው ጫፍ እየቀመሱ ራሳቸውን ጠየቁ። ሽንኩርቱ ያው የሁልጊዜው ነው፤ ዘይቱም ያው። ድስቱን ደግሞ በገዛ እጃቸው ደጋግመው አለቅልቀው ነው የጣዱት። ሽታው ግን አለ። መጀመሪያ ቅመሙ አፍንጫን ሞላ ያደርግና፣ ሰው ደስ ሊለው ሲል ከኋላ ብቅ ይላል፤ ሳይለቀለቅ የደረቀ ነጠላ የሚሸተውን ዓይነት።

«አማኑ፣ እስኪ አንተ ቅመስልኝ።»

የልጅ ልጃቸው አማኑ ገና ከሥራ መግባቱ ነው። በፌስታል ያመጣቸው የሽሮ እሽጎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ገዢዎች የመለሷቸው ናቸው። ማንኪያውን ተቀብሎ ቀመሰና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ።

«ትንሽ ይላል መሰለኝ።»

«ትንሽ? ሰው ጾሙን ውሎ፣ ደክሞት ቤቱ ገብቶ፣ ይቺን ሠርቶ ሊቀምስ ሲል ትንሽ ይላል? ሕፃን ልጅ በልቶት ቢያመውስ? ሆስፒታል ቢያስገባውስ?»

«አያስገባም እማማ።»

«በምን አወቅህ? ከምን የመጣ ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ» አለና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

እማማ ብርቅዬ አንዷን እሽግ አንስተው ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ብርቅዬ ባልትና» ይላል። ስማቸው ነው። ስሙ የእሳቸው ይሁን እንጂ ሽሮው ግን የሁለት ሰው ነው፤ የእሳቸውና የጎረቤታቸው የሸዋረጋ። አተሩን መልቀም፣ መቁላት፣ ቅመሙን መመጠን የብርቅዬ ድርሻ ነው። ወፍጮ ቤት ወስዶ፣ ባለወፍጮው ከሰው በቆሎ ጋር እንዳይቀላቅልባቸው ራሱ ላይ ቆሞ ማስፈጨት የሸዋረጋ። ማሸጉም የእሷ ነው። የፕላስቲኩን አፍ በማስመሪያ እጥፍ አድርጋ በሻማ ነበልባል ላይ ሳብ ስታደርገው፣ ስፌት እንኳ እንደዚያ ቀጥ አይልም። የታሸገው እሷ ቤት ያድርና አማኑ መጥቶ ዓለም ባንክ አካባቢ ወደሚሠራበት ሱፐርማርኬት ይወስደዋል። የሁለቱን ሴቶች ሕይወት ያቃና ነገር ቢኖር ይህ ሽሮ ነው። የተዋደዱትም፣ የተሳሳቁትም፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የሮጠችውም በእሱ ዙሪያ ነው።

አሁን ይሸታል። የሸተተበትን ምክንያት ሳያውቁ ደግሞ እማማ ብርቅዬ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይጠጋቸውም።

ጾሙ ሊገባ ሰሞን እኮ ቤቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። አማኑ አንድ ረጅም ወረቀት ጠቅልሎ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሥራው ዕቃ መደርደር ነው ሲሉት ይናደዳል። «መደርደርማ ማንም ይደረድራል፤ እኔ የማወጣው ፕላኑን ነው» ይላል። የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጎን እንደሚሆን፣ ፊት ለፊት ስንት ሆኖ እንደሚታይ ቀድሞ ወረቀት ላይ ይስለዋል። ሠራተኞቹ እሱ የሳለውን እያዩ ነው የሚደረድሩት። ለጾሙ ደግሞ ሱቁ በሙሉ ይገለበጣል፤ ቅቤና አይቡ ገለል ይልና ሽሮ፣ ዘይት፣ ምስር ወደ ፊት ይመጣል።

«ለዚህ ነው እንግዲህ ኮሌጅ የገባኸው?» ብላ ሸዋረጋ ለከፈችው። «ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አድርጌህ፣ ክብሪቱን ከሻማው ጎን አስቀምጥ ብዬ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?»

ሸዋረጋ ከአጥሯ በር ጎን ትንሽ ሱቅ አለቻት። አማኑ እናቱ ሌላ ትዳር ይዛ ወሊሶ ከሄደች ጀምሮ ያደገው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው።

«እርስዎ ነዎት ያስጀመሩኝ እትዬ ሸዋረጋ። ደመወዜን ግን አልሰጡኝም።»

«ከረሜላዬን ጠርሙሱ ሥር ድረስ ሙልጭ ያደረገው ማን ሆነና!»

ከዚያ ሁለቱንም እየጎተተ ከበሩ መቃን ጋር አቆማቸው። «ቀጥ በሉ፤ ነጠላውን ዝቅ።» በእርሳስ ዓይናቸው የሚደርስበት ላይ መስመር አሰመረ። የብርቅዬ መስመር ከላይ፣ የሸዋረጋ ትንሽ ከሥር።

«እኔ ዝቅ ብዬ ቀረሁ እኮ» አለች ሸዋረጋ። «ግድ የለም፣ ሳድግ እደርስባታለሁ።»

«አሁን ልብ በሉ» አለ አማኑ፣ እንደ አስተማሪ እርሳሱን ይዞ። «አንዲት ገበያተኛ ስትገባ እጇ የሚሄደው ዓይኗ ያረፈበት ላይ ነው። ከዚህ ዝቅ ያለውን ፈልጋ ነው የምታገኘው። እግር ሥር ያለውን ማንም አያየውም።»

«የእኛንስ?»

«የእናንተማ እዚሁ ነው» ብሎ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳሱ መታ መታ አደረገ። ወረቀቱም ላይ፣ የእነሱ ሽሮ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ከሰፌዱ አንዲት የአተር ፍሬ አንስቶ አስቀመጠ። ሸዋረጋ እልል አለች።

ያ ሁሉ ሳቅ አሁን የለም። እማማ ብርቅዬ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ፤ ሸዋረጋ ሱቅ ውስጥ ሳሙና አለ። ደረቁም፣ ዱቄቱም። በማግሥቱ ጠሯት። ሸዋረጋ እንደ ወትሮዋ ሳታንኳኳ ገብታ፣ አማኑ አጠገብ ተቀመጠችና ከገበታው ቆረሰች።

«ሸዋረጋ፣ እሽጎቹን የት ነው የምታሳድሪያቸው?»

«የት አሳድራቸዋለሁ፤ ከአልጋዬ ራስጌ ነዋ፣ ሳጥኑ ላይ።»

«ሱቁ ውስጥ አይደለም?»

«ሱቁ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እንግዳ መጣ፣ ቤት ጠበበ ብለሽ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከሳሙናው ጋር...»

ሸዋረጋ ሳቀች። «እታለም፣ ቀልድሽን ነው?» አለችና የብርቅዬን ፊት ስታይ የቆረሰችውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ሽሮው ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ እማማ ብርቅዬ። «እኔ ያለችኝን አንዲት ሳሙና ውጭ፣ ባኞ ቤት ነው የማኖራት። ወፍጮ ቤት ሳሙና የለም። ሳሙና ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ሠርተሽው ከሆነ ሠራሁት በይኝ።»

«አልሠራሁትማ! ማሙሽዬ፣» ወደ አማኑ ዞረች፤ እስካሁን ማሙሽ ነው የምትለው፣ «እሽጉን መጥተህ የምትወስደው አንተ አይደለህም? ከየት እንደምታነሳው ንገራታ!»

አማኑ አፉ ውስጥ ያለውን አላመጠ፤ አሁንም አላመጠ። «ከሳጥኑ ላይ ነው» አለ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። «ግን... እኔ የማየው ስመጣ ነው። ከዚያ በፊት የት እንደሚውል አላውቅም።»

«እሺ» አለች ሸዋረጋ። ተነሣች። «እሺ፣ ይሁን። ይሄን ሁሉ ዘመን ገበታሽ ላይ የተቀመጥኩት ሳሙናና ምግብ የማይለይ እጅ ይዤ ነው! ልጅ ይዤልሽ ስዞር ይሄ እጅ አልቆሸሸም ነበር! ይሰማል ሰፈሩ፣ ይስማ!» በሩን ስትወጣ እየተናገረች፣ ግቢውን ስታቋርጥ እየተናገረች፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ደርሳ እንኳ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። እማማ ብርቅዬ ጓደኛቸውን ያውቋታል። ቁጣዋ በአፏ ነው የሚወጣው። እስከተናገረች ድረስ ተስፋ አለ። የሸዋረጋ ዝምታ ነው ክፉ፤ እሱን ደግሞ በዘመናቸው አይተውት አያውቁም።

የሚቀጥለውን ሽሮ ብቻቸውን ሠሩት። ወፍጮ ቤት ራሳቸው ቆሙ፤ አቧራው ሲያስላቸው ዋለ። ፕላስቲኩን በሻማ ሲያሽጉ ጣታቸው ተቃጠለ፤ ስፌቱም እንደ ሸዋረጋ ቀጥ አላለም። አማኑ የማሸጊያ ማሽን እገዛላችኋለሁ ሲል የከረመ ቢሆንም እስከዛሬ የለም። እያንዳንዷን እሽግ አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱ። ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፤ ሌላ ምንም የለም። በራሳቸው አልጋ ራስጌ አሳድረው ለአማኑ አስረከቡት።

ሳምንት ሳይሞላ አማኑ ፌስታል አንጠልጥሎ ተመለሰ። ይህኛው ከበፊቱ የባሰ ነበር። ወደ አፍንጫ ሳይደርስ ይሸታል።

«እኔ ነኝ ያሸግኩት!» አሉ እማማ ብርቅዬ። «በእነዚህ እጆቼ!»

«ምናልባት ፕላስቲኩ ይሆናል።»

«ፕላስቲኩማ እዚህ ቤት ውስጥ አይሸትም ነበር።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ስልኩን ይዞ ወጣ።

እማማ ብርቅዬ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሸዋረጋ አልነካችውም። እዚህ ቤት አልሸተተም። በዚህ ቤትና በሰው ድስት መካከል የቀረ አንድ ቦታ ብቻ ነው። አማኑ «ሩቅ ነው፣ ታክሲው ያንገላታሻል፣ አትምጪ» ሲላቸው እሺ ብለው፣ እግራቸው ረግጦት የማያውቅ ቦታ።

ጠዋት እሱ ሥራ ከገባ በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ጦር ኃይሎች ላይ ረዳቶቹ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ይጮኻሉ። አንዱ ክንዳቸውን ይዞ «ይግቡ እናቴ፣ ጋቢና ይሆንልዎታል» አላቸው። ምን ሊያዩ እንደሆነ አያውቁም፤ እንዳያዩት ግን ይጸልያሉ።

ሱፐርማርኬቱ ሰፊ ነው፤ መብራቱ ዓይን ይወጋል። የሽሮውን መደርደሪያ አገኙት። በበሩ መቃን ላይ የተሰመረላቸውን እያሰቡ በዓይናቸው ልክ ፈለጉ። ቢጫ እሽግ። ከሱ በላይ ቢጫ እሽግ። ከሱ በታችም፣ እስከ ወለሉ ድረስ፣ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ሽሮ ተገጥግጧል። የእነሱ የለም።

አንዲት ልጅ፣ ዮርዲ የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች፣ ዕቃ እየደረደረች ነበር።

«የኔ ልጅ፣ የባልትና ሽሮ የላችሁም?»

«አለ እማማ፤ ግን ሩቅ ነው። ይምጡ ላሳይዎት።»

ሩቅ ነው ያለችው እውነቷን ነው። የምግቡን መደርደሪያ ሁሉ አለፉ። ብስኩቱን አለፉ፤ የሕፃናት ዳይፐሩን አለፉ። የመጨረሻው ጥግ ላይ ልጅቷ ቆመችና በጣቷ ወደ ታች አሳየቻቸው። እማማ ብርቅዬ ጉልበታቸውን ይዘው በርከክ አሉ። እግር ሥር፣ ወለሉ አጠገብ፣ ሸዋረጋ ያሸገቻቸውና እሳቸው ያሸጓቸው አንድ ላይ ተጋድመዋል። በላያቸው ያለው መደርደሪያ የዱቄት ሳሙና ነው። አንደኛው ከረጢት ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ዱቄት እየረገፈ «ብርቅዬ» የሚለውን ጽሑፍ ሸፍኖታል።

«ይነሡ እማማ፣ እኔ አነሣልዎታለሁ» አለች ዮርዲ። «ግን እውነቱን ልንገርዎት? ይሄን ባይወስዱ ይሻላል። ይሸታል እያሉ እየመለሱት ነው።»

«ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?»

«ፕላኑ ነዋ።»

«ፕላኑን ማን አወጣው?»

«አማኑ የሚባል ልጅ አለን። እሱ ስሎ ይሰጠናል፣ እኛ እንደረድራለን። ገና ጾሙ እንደገባ፣ ሳሙናው እየፈሰሰ ነው፣ ምግብ ከሥሩ አይሆንም ብዬው ነበር። አይቶታል እኮ ራሱ። ጾሙ እስኪፈታ ቻይው አለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሴትዮዎቹ ነገር ያሳዝናል። ሽሯቸውን ሰው ይወደው ነበር።»

«ታውቂያቸዋለሽ ሴትዮዎቹን?»

«የት አውቃቸዋለሁ፤ እሱ ነው የሚያመጣላቸው። ዘመዶችህ ናቸው ወይ ስለው፣ አይ፣ ሰፈር ያሉ ሴቶች ናቸው አለኝ።»

እማማ ብርቅዬ መደርደሪያውን ተደግፈው ተነሡ። አመሰገኗት። እንዴት ታክሲ እንደያዙ፣ የት ፌርማታ እንደወረዱ አያስታውሱም።

አማኑ ሲገባ መብራት ሳያበሩ ተቀምጠው ነበር።

«አየሁት» አሉት።

«ምኑን?»

«እግር ሥር።»

ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠና ይናገር ጀመር፤ ቀድሞ ያዘጋጀው ይመስል አንዱ ካንዱ ሳይደናቀፍ። የቢጫው ሽሮ ፋብሪካ ለጾሙ ወቅት መደርደሪያውን በሙሉ ከሱፐርማርኬቱ ተከራይቶታል። አለቃው ግሩም ትንንሾቹን አንሳቸው ብሎታል። ጨርሰው እንዳይወጡ የለመነውና ያቺን ጥግ ያስፈቀደላቸው እሱ ነው። አዲስ በሚከፈተው ቅርንጫፍ ላይ ኃላፊ ሊያደርጉት ነው፤ በዚህ ሰዓት ለአንድ ሽሮ ብሎ ቢከራከር...

«ፕላኑን ተወው» አሉ እማማ ብርቅዬ። «ታዘሃል፤ እንጀራህ ነው። ሸዋረጋ ንገራታ ስትልህ ታውቅ ነበር?»

አማኑ የቦርሳውን ማንገቻ ጠመዘዘ።

«ጠየቅኩህ እኮ። ታውቅ ነበር?»

«ስትሄድ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ... አለፈ።»

«የሰፈር ሴቶች ናቸውም አልክ።»

ጆሮው ቀላ። «በዘመድ ነው ያስገባው እንዳይሉኝ ነው እማማ።»

እማማ ብርቅዬ ሊረግሙት አሰቡ፤ ምላሳቸው እምቢ አለ። የመጣባቸው ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ሆኖ ሰውነቱ እንደ እሳት ሲግል፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሸዋረጋ በጀርባዋ አዝላው ጤና ጣቢያ ስትሮጥ። እሳቸው ከኋላ ጥላ ይዘው መድረስ አቅቷቸው ነበር።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለ አማኑ። «በሞቴ። ዓይኗን ማየት አልችልም።»

እማማ ብርቅዬ ተነሥተው መብራቱን አበሩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሸዋረጋ ሱቅ ደጃፍ ሄደው ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቤቴ ነይና ልንገርሽ» አሏት። ሸዋረጋ ብዙ አላስለመነቻቸውም። መጥታ ግን እንደ ድሮዋ ከገበታው አጠገብ አልተቀመጠችም፤ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ነው። አማኑ ጠረጴዛው ጋ ነበር። ሊወጣ ሲል ደረሰችበት።

«ድንጋይ ተሸክሜ ነበር በርሽ ላይ መምጣት የነበረብኝ» አሉ እማማ ብርቅዬ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው።

«ተይ እታለም! ከዚያ ወገቤን ስትዪ የማሽሽ እኔው አይደለሁ?» አለች ሸዋረጋ። ፊቷ ትንሽ ተፈታ። እማማ ብርቅዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሄደው ያዩትን ነገሯት፤ ጥጉን፣ ወለሉን፣ ከላይ እየረገፈ ያለውን ሳሙና።

ሸዋረጋ ደረቷን ይዛ ተነፈሰች። «እሰይ! እንኳን ከእኔ አልሆነ! አልጋዬን ሳይቀር እያሸተትኩ እኮ ነው የከረምኩት። ሳጥኑን ውጭ አውጥቼ አጠብኩት። እኔ ራሴን ተጠራጥሬ!» አለችና ሳቅ አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ዓይኗ በበሩ መቃን ላይ ወዳሉት ሁለት የእርሳስ መስመሮች ሄደ። «ቆይ ግን፣ ከዚህ እዚያ ድረስ ማን አወረደው?»

የማንን ሥራ እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ወረቀቱ ሲዘረጋ ነበረች። አተሯ ስትቀመጥ እልል ያለችው እሷ ናት።

እማማ ብርቅዬ ወደ አማኑ ተመለከቱ። አሁን ይናገራል ብለው ጠበቁ። በገዛ አፉ፣ አንዲት ቃል። አማኑ ጠረጴዛው ላይ የማይታይ ፍርፋሪ በጣቱ ይለቅማል፤ ጆሮው ቀልቷል፤ ልክ ከረሜላ ሰርቆ እንደተያዘ ጊዜ። አንጀታቸውን በላው። አፋቸው ሳያዙት ተከፈተ።

«አንድ አዲስ የገባ ልጅ ነው አሉ። የማናውቀው ነው። ሥራውን ገና አልለመደውም።»

«አዎ» አለ አማኑ ቀስ ብሎ። «አዲስ ልጅ ነው።»

ሸዋረጋ እሱን አየችው። ከዚያ ብርቅዬን አየቻቸው፤ ረጅም ጊዜ። እማማ ብርቅዬ እንድትጮህ ጠበቁ። ስደቢኝ፣ ሰፈሩን ሰብስቢብኝ፣ አሉ በልባቸው፤ ብቻ የሆነ ነገር በዪ።

ሸዋረጋ ተነሣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። በሩ ጠባብ ነውና ስታልፍ ትከሻዋ መስመሮቹን ታከከ። እማማ ብርቅዬ ጆሯቸውን ወደ ግቢው ጣሉ፤ ከግቢው ወደ ቆርቆሮው አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው መንገድ። እግሯ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ቀጥሎም የአጥሩ በር።